የደሴ ፒያሳ የመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ፦ ጥበቃው መልካም፣ ተመኑ ግን ሰዓት የማይለይ

በደሴ ፒያሳ የሚገኘውን የመንገድ ዳር ማቆሚያ ዘወትር እጠቀምበታለሁ። በጥበቃው ረገድ ቅሬታ የለኝም፤ ተረኞቹ ወጣቶች ትሑቶች ናቸው፣ ዳገት ላይ ለቆመ መኪናም ማንም ሳያዛቸው ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋሉ። ደረሰኝ የሚሰጡት ግን ሲጠየቁ ብቻ በመሆኑ ይህ ቢታረም ጥሩ ነው።

ማስከፈሉ መጨናነቅን ይቀንሳል የሚለው ተስፋ ግን በዚህ ተመን የሚሳካ አይመስለኝም። ክፍያው ሠራተኛና ተማሪ በአንድነት በሚወጣበት በጠዋቱ 2 ሰዓትም ሆነ መንገዱ በሚቀልበት በ8 ሰዓት ያው ነው፤ የሰኞ ገበያ ዕለት እንኳ አይለይም። ጉዳዩን ወደ ከሰዓት ማዛወር የሚችል ሰው እንዲያዛውር የሚገፋፋው ነገር የለም ማለት ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975 የመጨናነቅ ክፍያ የጀመረችው በጠዋት ወደ መሀል ከተማ በሚገቡ መኪኖች ላይ ነበር። በስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው ተመሳሳይ የክፍያ ሙከራም ዋጋው እንደ ሰዓቱ ከ10 እስከ 20 ክሮነር ይለያይ ነበር፤ ሌሊትና ቅዳሜና እሑድ ክፍያ አልነበረም፤ ወደ መሀል ከተማ የሚገባና የሚወጣው ተሽከርካሪ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ።

ሌላው ችግር፣ የእኛ ክፍያ የሚያርፈው በሚቆመው ላይ እንጂ በሚያልፈው ላይ አለመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ደሴን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ከኮምቦልቻ የሚወጣው ከባድ መኪናና መሀል መንገድ ላይ ተሳፋሪ የሚያወርደው ባጃጅ ጠዋት መንገዱን ቢዘጉም ለማቆሚያው ምንም አይከፍሉም። ሆኖም አላፊው ይክፈል ማለትም ቀላል አይደለም፤ ስቶክሆልም እንኳ ከተማዋን በምዕራብ በኩል አቋርጦ የሚያልፈውን የኤሲንገ መንገድ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ሳታስከፍል ቆይታለች።

እስከዚያው ግን የጠዋቱን ዋጋ ከፍ፣ የከሰዓቱን ዝቅ ማድረግ፣ ረጅም ሰዓት የሚቆመውንም ጨመር አድርጎ ማስከፈል ይቻላል። ባለሱቆች ደንበኛ ይሸሻል ብለው ሊቃወሙ እንደሚችሉ እገምታለሁ። ነገር ግን እኔ እንደማየው ከማለዳ እስከ ምሽት ቦታውን ከያዙት መኪኖች ብዙዎቹ የራሳቸው የባለሱቆቹ ናቸው፤ ገዢው ደግሞ ማቆሚያ ፍለጋ ፒያሳን እየዞረ ሰልፉን ያረዝማል።