ፔዳ፣ ኮሌጅ ወይስ ክረምት? የመምህርነት ሥልጠናዎች ሲመዘኑ

ባሕር ዳር ላይ “መምህር መሆን እፈልጋለሁ” ላለ ሰው መጀመሪያ የሚጠቆመው ፔዳ ነው። ግቢው በ1965 ዓ.ም. የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ የተጀመረ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ፣ ማለትም ከፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ፣ ጋር ተጣምሮ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነ ነው። አንጋፋነቱ ግን ብቻውን ለመመዝገብ አያበቃም። ቀድሞ መወሰን ያለበት የትኛውን ክፍል እንደምታስተምሩ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ከሆነ የትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ የግድ ነው፤ ዲግሪው አፕላይድ (የማስተማር ሥልጠና የሌለበት) ከሆነ ደግሞ ፒጂዲቲ፣ ማለትም ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደው የማስተማር ዲፕሎማ፣ ይጨመርበታል። ለታችኛው ክፍል መንገዱ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው፤ ከባሕር ዳር ለሚነሳ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስና ጎንደር አሉ። ለልጆች ፊደል ማስቆጠር የሚወድ ሰው “ዩኒቨርሲቲ ይሻላል” ተብሎ ፔዳ ቢገባ ያላግባብ ይደክማል።

የፒጂዲቲ ኮርሶች የትምህርት ሥነ ልቦና፣ ካሪኩለም፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ ተግባራዊ ምርምርና የመሳሰሉት ናቸው። አብዛኛውን ሃንድአውት አንብቦ ማለፍ ይቻላል፤ ድክመቱም እዚያ ላይ ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን የሚያወጣው የየትምህርት ዓይነቱ የማስተማር ስነ ዘዴና ፕራክቲከሙ፣ ማለትም ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምዱ፣ ነው። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ያለፈውን ዓመት ሠልጣኝ ፈልጉና ጠይቁ፦ ስንት ክፍለ ጊዜ ብቻህን አስተማርክ? ሱፐርቫይዘሩ ስንቴ መጥቶ አየህ? ካየ በኋላ ቁጭ ብሎ አነጋገረህ ወይስ ፎርም ሞልቶ ሄደ? አንዴ ብቻ፣ ያውም በቀጠሮ፣ ታይቶ ማርክ የሚሰጥበት ፕራክቲከም ለወረቀት ያህል ነው።

ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለው በጓደኞች ፊት የሚደረገው የአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ልምምድ ድምፅንና የሰሌዳ አጠቃቀምን ለማረም ጥሩ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁበት፤ ጓደኛ መልሱን ያውቃል፣ አይረብሽም፣ ያግዛልም። ጣና ሐይቅን ወይም ፋሲሎን በመሰለ የከተማ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። “ገብቷችኋል?” ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ “አዎ ቲቸር!” ይላል። ጀማሪው አምኖ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ያልፋል፤ ደብተር ሲሰበሰብ ግማሹ ባዶ ነው። ደህና አሠልጣኝ ያንን ጥያቄ ከአፋችሁ ያስጥላችሁና በስም ጠርታችሁ አንድ ጥያቄ በሰሌዳ እንድታሠሩ ያደርጋል።

የዕለት ዕቅድ ላይም እንዲሁ ነው። ዓላማው ረድፍ ላይ “ተማሪዎች ስለ ፎቶሲንተሲስ ይረዳሉ” ብሎ መጻፍ ማርክ ያስቀንሳል፤ መረዳታቸው በምን ይታያል? “ለፎቶሲንተሲስ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ይዘረዝራሉ” ከተባለ ምዘናው ራሱ ይወጣል። ከ40 ደቂቃው ውስጥ 5ቱ ለክለሳ፣ 5ቱ ለመጨረሻው ምዘና ይያዙ። የብዙ ጀማሪዎች ዕቅድ የሚፈርሰው ማስታወሻ ሲያስገለብጡ ነው፤ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ መጠበቅ 15 ደቂቃ ይበላል፣ ደወሉ ሲደወል ምዘናው አልተነካም። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላችሁ በግራ ዋና ነጥቦችን፣ በቀኝ የሚጠፋውን ስሌት ጻፉ። ቋንቋም አለ፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ትርጓሜውን በእንግሊዝኛ አንብቦ ማብራሪያውን ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ የሚያዞር ሠልጣኝ ፈተና በመጣ ጊዜ ተማሪዎቹን ያስጥላል።

ሌላው የሚፈተሸው ሞጁሉ ነው። ገልጠው ሲያዩት ስለ “መሰናዶ” እና ከ1–8 ስላለ አንደኛ ደረጃ የሚያወራ ከሆነ አርጅቷል፤ አሁን አወቃቀሩ 6፣ 2፣ 4 (አንደኛ፣ መካከለኛና ሁለተኛ ደረጃ) ነው።

የክረምቱ ፕሮግራም በሥራ ላይ ላሉት የተመቸ ነው፤ ደመወዝ አይቋረጥም። ግን በሐምሌና ነሐሴ ብዙ ኮርስ ይታጨቃል፣ ትምህርት ቤቶችም ዝግ ስለሆኑ ክፍል ገብቶ መለማመድ የለም። ክፍል ገብቶ ለማያውቅ አዲስ ሰው አይመከርም። የግል ኮሌጅ ያሰባችሁ ደግሞ ማስታወቂያውን ትታችሁ ዕውቅናው ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ፈቃድ እዚህ የሚመዘግብ ካለ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ውጡ።

የትኛውም ጋ ብትገቡ፣ አስተያየት የተጻፈባቸውን ዕቅዶችና የሱፐርቪዥን ፎርሞች ኮፒ አድርጋችሁ በአንድ ክላሰር ያዙ። ከቅጥር በኋላ በአማካሪ መምህር የሚመራ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለ፤ ከዚያም በየዓመቱ ቢያንስ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ። ፖርትፎሊዮ በየጊዜው ይጠየቃል፤ ዋናውን ቅጂ ቢሮ አስረክቦ የቀረ ሰው መልሶ ለማግኘት ይንከራተታል።