በመዶሻ ሥራ የማይዛነፍ ሰዓት አደረጉልኝ፦ ለቱሉ ዲምቱው ሰዓት ሠሪ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ሰዓት ሠሪ በሰው ፊት ለማመስገን ነው። ሱቃቸው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአደባባዩ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ፣ ኮብልስቶኑን ይዛችሁ በግራ በኩል፣ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ያለች ጠባብ ኮንቴይነር ናት። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልለጥፍ ነግረውኛል። «ሰዓቱን ሳላየው በስልክ ምን እላለሁ? ሰው በእግሩ ይምጣ» ነው ያሉኝ። እኔ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው።

ሰዓቱ ሲኮ 5 ነው። ባትሪ የለውም፤ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረው ኖሮ ለእኔ ተወልኝ። እኔ ደግሞ አናጢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሚስማር ስመታ ነው የምውለው። ሚስማሩን የምይዘው በግራ እጄ ነው፣ ሰዓቱም ያለው እዚያው ነው። እያንዳንዱ የመዶሻ ምት በእንጨቱ አድርጎ ክንዴ ላይ ይደርሳል።

ችግሩ ሰዓቱ ወጥ አለመሆኑ ነበር። ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ የሚቀድም ቢሆን ለምጄው እኖር ነበር። እሱ ግን እሁድ ቤት ስውል ደህና ነው፣ ማክሰኞ አራት ደቂቃ ይቀድማል፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለት ቦታ ወሰድኩት። ሁለቱም ጋ ክዳኑን ከፍተው ማስተካከያዋን ገፋ አድርገው መለሱልኝ። ሦስት ቀን ደህና ይሆናል፤ አንድ ቀን በር ስገጥም ከዋልኩ ያው ነው። አንደኛው እንዲያውም «አርጅቷል፣ የባትሪ ግዛና ተገላገል» አለኝ። በጣም ከፋኝ።

ጋሼ ግን ሰዓቱን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ። ሥራህ ምንድነው? ማታ የት ታስቀምጠዋለህ? በጀርባው ነው በጎኑ? እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረጉ፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራ ይገባል። ነጭ ወረቀት ዘረጉ፣ ማጉያዋን ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ሰዓት ዝም ብለው አዩት።

ያስረዱኝን ለእናንተም ላካፍል፤ ብዙ ሰው ያላወቀው ነገር ነው። እንዲህ ባለው ሰዓት ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ባላንስ የምትባል መንኮራኩር አለች። የእኔዋ በሰዓት 21,600 ጊዜ ትመታለች፣ በሴኮንድ 6 ጊዜ ማለት ነው። የምታወዛውዛት እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቅል ሞላ ናት። የሞላዋን የውጭ ጫፍ ሁለት ሚጢጢ ዘንጎች አቅፈው ይዘውታል። ማስተካከያዋ ስትገፋ ዘንጎቹ ይሄዳሉ፣ የሚወዛወዘው የሞላ ርዝመት ያጥራል ወይም ይረዝማል። ሲያጥር ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል። አንድ ቀን 86,400 ሴኮንድ ነው። በቀን አንድ ደቂቃ መዛነፍ ማለት ከሺህ አንድ እንኳን የማይሞላ ስህተት ነው። ማስተካከያዋ ከፀጉር ባነሰ ብትንሸራተት ይበቃል።

«ታዲያ ሲኮ ምት አይችልም እንዴ?» አልኳቸው። ማጉያዋን ሰጥተው አሳዩኝ። በባላንሷ መሃል ሦስት ቅጠል ያላት አበባ የመሰለች ቢጫ ሞላ አለች። ዲያሾክ የሚባለው የሲኮ ምት መከላከያ እሱ ነው። የባላንሷ ዘንግ ጫፍ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ምት ሲመጣ ጫፉ የተቀመጠበት ቀይ ድንጋይ በቢጫዋ ሞላ ላይ ፈቀቅ ይላል፣ ጉዳቱን ወፈር ያለው የዘንጉ ክፍል ይቀበላል። ከመሳቢያቸው አንድ የድሮ የስዊዝ ሰዓት አውጥተው ደግሞ የስዊዞቹን ምት መከላከያ፣ ኢንካብሎክን አሳዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1934 የመጣ ነው። የእሱ ሞላ ቁርጥ ክራር ይመስላል!

«ይሄ ግን ስብራት ነው የሚከላከለው» አሉኝ። «ልኩን አይጠብቅልህም። ልኩን የሚጠብቀው ሌላ ነው።»

የእኔ ሰዓት በሽታ እዚያ ላይ ነበር። ማስተካከያዋ ጥብቅ ብላ መያዝ ሲገባት ላልታለች። ሁለቱን ዘንጎች አንድ ሰው በፊት በወረንጦ ከፍቷቸዋል። የጥቅሏ ሞላ ጫፍም ትንሽ ጎብጧል። ስለዚህ መዶሻ ባነሳሁ ቁጥር ማስተካከያዋ ትንሸራተታለች፣ ሞላዋም ዘንጎቹን አንዴ ትነካለች አንዴ ትስታለች። መቶ ጊዜ ቢገፏት ዋጋ የለውም። ውድ በሆኑ ሰዓቶች ይህችን ማስተካከያ ጨርሶ አስወግደዋታል አሉኝ። እንደ ሮሌክስና ፓቴክ ፊሊፕ ባሉት ላይ ልኩ የሚስተካከለው ባላንሷ ጠርዝ ላይ ባሉ ጥቃቅን ክብደቶች ነው። የምትንሸራተት ነገር ከሌለች ምትም አያንሸራትታትም። የእኔዋ ግን ማስተካከያ አላት፣ ስለዚህ እሷን አጥብቆ ማስያዝ ነው።

ሞላዋን ሲያቃኑ አጠገባቸው ነበርኩ። ወረንጦ ከያዙ አይናገሩም። አንዴ ነካ አድርገው ይተዋሉ፣ በማጉያ ያያሉ፣ እንደገና ነካ ያደርጋሉ። ትንፋሼን ውጬ ነው ያየሁት። ከዚያ አጥበው፣ ዘይት አድርገው ገጠሙት።

ሥራው በዚህ አላለቀም። ስምንት ቀን እሳቸው ጋ አደረ። በፊቱ፣ በጀርባው፣ በጎኑ እያስተኙ በየዕለቱ ስንት ሴኮንድ እንደሄደ በደብተር ጻፉ። ቀጥሎ «በል አሁን አስረህ ሂድና ሚስማርህን ምታ፣ በሳምንትህ ና» አሉኝ። ስመለስ መዶሻ በያዝኩባቸው ቀናት በየቀኑ 15 ሴኮንድ፣ እሁድ ደግሞ 12 ሴኮንድ ቀድሟል። ጋሼ ዓይናቸው የሄደው ልዩነቱ ላይ ነው። «3 ሴኮንድ ብቻ! አሁን ይዟል» አሉ። ማስተካከያዋን የነኳት ያኔ ነው፣ አንዴ ብቻ። አሁን በቀን 8 ሴኮንድ ገደማ ይቀድማል።

ደግሞ የሌለ ነገር ቃል አይገቡም። ስዊዞች ክሮኖሜትር ብለው የሚመሰክሩለት ሰዓት 15 ቀን በአምስት አቀማመጥ ተፈትኖ፣ በአማካይ በቀን ከ4 ሴኮንድ በላይ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ ከ6 በላይም እንዳይቀድም ይጠበቃል። «ያንተ እዚያ እንዲደርስ አልምልልህም» ብለው መጀመሪያውኑ ነግረውኛል። ለዚህ ሁሉ ልፋት የጠየቁኝ 1,800 ብር ነው።

ከቸኮላችሁ እሳቸው ጋ አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እሁድ ዝግ ናቸው። የቤተሰብ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ቆሞባችሁ ከሆነ ግን ውሰዱላቸው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ሰዓታችሁ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማስተካከያውን አታስነኩ። ማግኔት ይዞት ሊሆን ይችላል። ያኔ የሞላዋ ጥቅልሎች ይጣበቃሉ። እኔ ራሴ ማታ ማታ ስፒከር ላይ ነበር የማስቀምጠው፤ ጋሼ ከከለከሉኝ ወዲህ ትቻለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የእህቴ ባል የቆመ ኦሪየንት አለው፣ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።