የመኪና መሪ ላሠራ ሄጄ ሻንሲዬን ለጠገኑልኝ የባሕር ዳር ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ ዓባይ ማዶ ለሚሠሩ አንድ የብየዳና የመካኒክ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እንዲሁም እንደ እኔ አሮጌ መኪና ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት ሰው ካለ ወደ እርሳቸው ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ በሰፈራቸውም ቢሆን ከዚህ ሌላ መጠሪያ ሲጠሩበት አልሰማሁም።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ ላንድሮቨር ነው፤ ሲሪዝ 2ኤ ከሚባሉት ውስጥ ረጅሙ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 109 ኢንች ርቀት ያለው። አባቴ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ ገዝተውት፣ ባለ 2.25 ሊትሩ የቤንዚን ሞተር ሲደክም ከዳይና የጭነት መኪና የወጣ ባለ 3.4 ሊትር የቶዮታ 3ቢ ናፍጣ ሞተር አስገጠሙለት፤ የኋላውንም አካል አስቆርጠው በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ከላይ ደግሞ ሸራ አሠሩለት። «አካሉ እንግሊዝ፣ ሞተሩ ጃፓን፣ ወንበሩ ጎጃም» ይሉት ነበር። ሞተሩ ሲቀየር ግን፣ የከበደውንና አብዝቶ የሚንቀጠቀጠውን አዲስ ሞተር የሚሸከመው ሻንሲ፣ ማለትም የመኪናው የብረት አጽም፣ ያው የጥንቱ መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

መኪናው ወደ እኔ ከተላለፈ በኋላ መሪው ይዋልል ጀመር። አንድ ቀን ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ ከፊት ለፊቴ የመጣ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ፣ እጄ መሪውን ሳያንቀሳቅስ መኪናዬ አንድ ክንድ ያህል ወደ መንገዱ መሃል ገባ። ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ ጋራዥ መጀመሪያ ስድስቱንም ቴስቲና (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ ጫፎች) ለወጠልኝ፤ ለአንድ ወር ያህል ደህና ሆኖ ቆየና ወደ ነበረበት ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ የመሪውን ሳጥን አጠበቁት፤ መሪው ከመክበዱ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ጊዜ የነገሩኝ መፍትሔ ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም በሞተሩ ኃይል የሚታገዝ መሪ፣ ማስገጠም ነበር፤ እኔም አምኜ፣ ጋሼ ዘንድ የሄድኩት «ፓወር ይግጠሙልኝ» ብዬ ነው።

ጋሼ ዋጋ አልነገሩኝም። መኪናውን ከጉድጓዱ በላይ አስቆሙና፣ «ሞተሩን አጥፋና መሪውን ቀኝ ግራ አዟዙር፣ ልጄ፤ ብዙ አይደለም፣ ይህችን ያህል ብቻ» ብለው በመዳፋቸው አሳዩኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት የዚህን መኪና መሪ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ከመሪው ሳጥን የሚወጣው ክንድ አንድ ረጅም ዘንግ ወደ ፊት ይገፋል፤ ዘንጉም በሻንሲው የፊት ተሻጋሪ ብረት ውስጥ ቀጥ ብሎ የተተከለ አንድ አቀባባይ ያዞራል፤ የአቀባባዩ የታችኛው ክንድ ደግሞ ሌላ ዘንግ ስቦ አንደኛውን ጎማ ሲያዞር፣ ሁለተኛው ጎማ በሦስተኛው ዘንግ አማካኝነት ይከተላል። እነዚያ ስድስት ቴስቲናዎች የእነዚህ የሦስቱ ዘንጎች ጫፎች ናቸው። እንግዲህ አቀባባዩ የተተከለበት ብረት ከላላ፣ ቴስቲናው ሁሉ አዲስ ቢሆንም መሪው መዋለሉን አያቆምም።

ጋሼ አቀባባዩና ተሻጋሪው ብረት በሚገናኙበት ቦታ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመሩ። እኔ መሪውን ሳዟዙር መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ባለበት ቆሞ ግማሹ ወዲያና ወዲህ ሲል በስልካቸው ቀርጸው አሳዩኝ። «መሪህ አልታመመም፤ የተቀመጠበት ወንበር ነው የበሰበሰው» አሉኝ። ከዚያም ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ድምፁን አሰሙኝ፤ ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው ቦታ እንደ እርጥብ እንጨት ይደነቁራል። በሁለት ቦታ ላይ ካቻቢቴው ያለ ምንም ትግል ወደ ውስጥ ገባ።

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ፤ ምክንያቱም ከላይ የሚታየው አካል አንድም የዝገት ነጠብጣብ አልነበረውም። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ እንግሊዝ ከጦርነቱ ማግስት የብረት እጥረት ስለነበረባት የአካሉ ላሜራ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ የኋለኞቹም ሥሪቶች ይህንኑ ይዘው ቀጠሉ። ሻንሲው ግን 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ካለው ብረት እንደ ሳጥን ተበይዶ የተሠራ በመሆኑ፣ ጭቃና ውኃ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እኛ ቤት ደግሞ፣ እንደ ብዙ የባሕር ዳር ሰው፣ መኪናው የሚታጠበው እስከ አክሰሉ ድረስ ጣና ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እሑድ እሑድ እየሳቅን የምናደርገው ነገር ሻንሲውን በውኃ መሙላት መሆኑን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው የጠየቅኩትን ሥራ ለጊዜው አልሠራም በማለታቸው ነው። ፓወሩን በዚያው ቀን ተቀብለው ቢገጥሙ ገንዘቡን ያገኙ ነበር። ነገር ግን ፓወር ስቲሪንግ ከሰው እጅ በላይ ኃይል ስለሚያሳርፍ፣ የበሰበሰ ብረት ላይ ከታሰረ አንድ ቀን የመሪው ሳጥን ራሱ ሻንሲውን ቀድዶ ሊወጣ እንደሚችል አስረድተው፣ «ሻንሲው ሳይድን መሪ አልነካልህም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

ሥራው የተጀመረው በመለካት ነው። ሞተሩና የፊት አካሉ ከወረዱ በኋላ፣ ከባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው የተደራረበ ሞላ) መያዣ እስከ ባሌስትራ መያዣ በሰያፍ ሁለቱንም አቅጣጫ ለክተው የ11 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኙ፤ መኪናው ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚጎትተው ለካስ በዚህም ምክንያት ነበር። የተበላው ሳይቆረጥ በፊት ሻንሲውን በማዕዘን ብረት አስረው፣ በክሪክ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ በኋላ ፊተኛውን ተሻጋሪ ብረት አወጡ። የላንድሮቨር አቀባባይ አብዛኛውን ጊዜ በዝገት ተጣብቆ ቀናት የሚያታግል ክፍል ነው ይባላል፤ የእኔው በሁለት የመዶሻ ምት ወጣ፤ ይህም ምን ያህል ልል እንደነበር ይነግራችኋል። በውስጡ የታመቀ ጠንካራ ሞላ ስላለ ወጣት ረዳታቸው ሊፈታው ሲል እጁን ይዘው ከለከሉት።

አዲሱን ተሻጋሪ ብረት ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አጥፈው ሠሩት። ሲበይዱ አንዱን ጎን በአንድ ጊዜ አይጨርሱም፤ ጣት የምታህል እዚህ፣ ጣት የምታህል ከወዲያ ማዶ እያደረጉ፣ በመካከሉ እየለኩ፣ ብረቱ በሙቀት እንዳይጣመም ይጠነቀቃሉ። በቀኝ በኩል ያለውን የፊት ባሌስትራ መያዣ ግን አልቆረጡትም፤ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው እዚያ ላይ ነውና፣ ያ ብረት ከተጣለ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከርበት ነገር አይኖርም። ዙሪያውን አጠናክረው ቁጥሩን በግራሶ ሸፈኑት። ቦሎ ለማሳደስ ስሄድ መርማሪው መጀመሪያ የፈለገው ይህንኑ ቁጥር ነበር።

የመሪው ተራ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። ጋሼ የመረጡት የላንድክሩዘር 60 የመሪ ሳጥን ሲሆን፣ ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም፤ 3ቢ ሞተር በፋብሪካው ለዚያ መኪናም ይገጠም ስለነበር፣ የፓወሩ ፓምፕ ያለ ብዙ ፈጠራ ከእኔ ሞተር ጋር ገጠመ። ዕቃውን ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው ያስመጡት። ሳጥኑን የሚይዙት ብሎኖች በሻንሲው ሳጥን ውስጥ አቋርጠው ስለሚያልፉ፣ ሲጠብቁ ሻንሲውን እንዳይጨፈልቁት ለእያንዳንዱ ብሎን ወፍራም ቱቦ ቶርኖ ቤት አስቆርጠው በየቀዳዳው አስገብተው በየዱት። ይህ ማንም የማያየው ሥራ ነው፤ ባይሠሩት ኖሮ እኔም አላውቅም ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ ሾፌሩ ደረት ያነጣጠረውን የጥንቱን የመሪ ዘንግ ደግሞ ሁለት መገጣጠሚያ ባለው ዘንግ ተክተውለታል፤ ግጭት ቢደርስ ይታጠፋል እንጂ ሾፌሩን አይወጋም። አዲሱ ሳጥን የጎማውን ዘንግ በቀጥታ ስለሚገፋ አቀባባዩ ከነጭራሹ ቀርቷል።

የፊት ጎማ መዞሪያዎቹን ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ላስቲክ) እና ኩሽኔታ ቀይረው፣ የመዞሪያውን ጥብቀት በእጅ ሚዛን እየሳቡ አስተካከሉ። የጎማዎቹን አቅጣጫ በክርና በማስመሪያ ለክተው፣ ከፊት በኩል በ1.2 እና በ2.4 ሚሊ ሜትር መካከል እንዲጠብብ አደረጉ፤ ይህ የፋብሪካው ልክ ነው። የሻንሲውን ውስጥ ዝገት ተከላካይ ቀቡት። እኔ የተቃጠለ ዘይት ይረጭበት ብዬ ነበር፤ የባሌስትራውን ላስቲኮች እንደሚያበሰብስ ነግረውኝ ተውኩት።

ጉድለታቸውንም ሳልናገር ባልፍ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። በሦስት ሳምንት ያልቃል የተባለው ሥራ ዘጠኝ ሳምንት ፈጅቷል፤ ከፊሉ በመብራት መቆራረጥ፣ ከፊሉ ደግሞ ጋሼ ያልወደዱትን ብየዳ አፍርሰው እንደገና ስለሚሠሩ ነው። ሥራ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም። ቀለምም አይችሉም፤ የቀቡት የፊት ክፍል ከሌላው አካል ጋር ቀለሙ አይገጥምም፣ ይህን ለሌላ ሰው ትሰጣላችሁ። በሒሳብ በኩል ግን የተገዛውን ዕቃ ደረሰኝ አንድ በአንድ ቆጥረው ሰጡኝ፤ የተረፈውን 2,300 ብር መለሱልኝ፤ አሮጌዎቹንም ዕቃዎች በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው «የአባትህ ናቸው» ብለው መኪናው ላይ ጫኑልኝ።

ሙከራውን አብረን አደረግን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስንሄድ መሪው በሁለት ጣት ብቻ ተይዞ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥተን ስንወርድ በፍሬን ጊዜ ወደ ግራ መጎተቱ አልነበረም። ጋሼ ግን ደስታዬን ለመካፈል እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ ኮረብታው ሥር አስቁመውኝ ከመኪናው በታች ገቡና ብሎኖቹን በድጋሚ አጠበቁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንድመለስ አዘዙኝ፤ ተመለስኩ፤ አንዱ ብሎን በትንሹ ላልቶ ስለነበር አጥብቀው ምንም አላስከፈሉኝም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሊሄድ የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ አስቀድሜ እርሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጠዋለሁ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መኪና በላይ ስለማይቀበሉ ወረፋ መያዝ ግድ ነው፤ የብየዳ ቦታቸውም ጣሪያ ስለሌለው የሻንሲ ሥራ ያለበት ሰው ክረምት ሳይገባ ቢሄድ ይሻለዋል።