ምርጥ ምድጃ፦ እንጀራ ጋግሮ ለሚሸጥ የትኛው ያዋጣል?

በከተማ እንጀራ ሸጣ ቤት ለምታስተዳድር ሴት ከጤፉ ቀጥሎ ትርፏን የሚበላው ማገዶ ነው። በሶስት ጉልቻ ላይ ነበልባሉ በየአቅጣጫው ስለሚያመልጥ፣ ከተገዛው እንጨት ምጣዱን የሚያሞቀው ጥቂቱ ነው። «ምርጥ» የሚባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ እሳቱን በግድግዳ ከብቦ ፍጆታውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለድሃ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህ ቁጠባ የሚገኘው ግን ምድጃው በደንብ ከተተከለ ብቻ ነው።

ስድስት ቁራጮች አሉት፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ይቀረጻሉ። አራቱ ተገጣጥመው ክቡን ይሠራሉ፤ ሁለቱ ከኋላ፣ ጭሱ በሚወጣበት በኩል፣ ድስት ይሸከማሉ። እንጀራው እየተጋገረ በዚያው ትኩስ ጭስ ውሃ ይሞቃል፣ ወጥም ይሞቃል። ስለዚህ ዋጋ ለመቀነስ ብለው እነዚህን ሁለቱን አያስቀሩ፤ ለከሰል የሚወጣውን ገንዘብ የሚያድኑት እነሱ ናቸው።

ምርጥ ምድጃ ሁለት ዓይነት ነው፤ የነባሩ ግድግዳ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፣ የቀጭኑ 4። ወፍራሙ ለመሞቅ ይዘገያል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ በአንድ መቀመጫ ብዙ ለሚጋግር ሰው እሱ ይሻላል። አሥር እንጀራ ብቻ ለሚጋገርበት ቤት ቀጭኑ ይበቃል፤ ወፍራሙ እስኪግል የሚበላው እንጨት ጥቅሙን ያሳንሰዋል።

ሲገዙ ጠርዙን በቁልፍ ይፋቁት። እንደ ዱቄት ከረገፈ ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ ከተቀረጸ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ደርቋል። አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ውሃ እየተረጨበት የቆየ ቶሎ አይሰነጠቅም። ምጣድዎንም ይለኩ፤ ምድጃው የሚሠራው እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ምጣድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተከላው ላይ ነው። ወለሉ መደልደል አለበት። የቁራጮቹ መጋጠሚያና የምጣዱ ዙሪያ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጉ፤ ክፍተት ካለ ነበልባሉ በዚያ ይወጣል፣ እንጀራውም በአንድ ጎን ያርራል፣ በሌላው ዓይን አያወጣም። በሲሚንቶ አይለስኑት፤ ምጣድ ሲሰበር መቀየር ያስቸግራል። ጭቃው ሳይደርቅ ትልቅ እሳት አይንደድበት። እንጨቱ ደረቅና ቀጭን ይሁን፤ አፉን ከጠቀጠቁት አየር አጥቶ ይጨሳል። አመዱን ሳይጠርጉ ቢያነዱም እንደዚያው ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮም በደንብ ይነዱበታል።

ጭስ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ በር ወይም መስኮት የሌለው ማድቤት ውስጥ አይመከርም።

ተከራይ ቤት ሲቀይር ጭቃውን አንስቶ ቁራጮቹን ይዞ መሄድ ይችላል። በጋሪ ሲጫኑ ጠርዛቸው ስለሚሸረፍ እያንዳንዱ በጆንያ ይጠቅለል።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ይህን አንመክርም፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግዛ። ቆጣሪው የአከራይ በሆነበት ግቢ ግን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድ፣ ለዚያ ቤት ምርጥ ምድጃ አሁንም የተሻለው አማራጭ ነው።