የባላንስ ዶቃ በከባድ መኪና ጎማ ውስጥ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና የጎማው ባላንስ ቢጓደልም ባይጓደልም ልዩነቱ አይታወቀውም፤ ፍጥነቱ አይፈቅድማ። ጉዱ የሚወጣው ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ሜዳ ሲወርድ ነው። በትልቅ የፊት ጎማ ዙሪያ በአንድ ጎን 100 ግራም ብቻ ትርፍ ክብደት ካለ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ወደ 10 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ጉልበት በየዙሩ ይደበድባል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድብደባው ወደ ሩብ ይወርዳል። የእኔም ተሳቢ ጎታች እንዲሁ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ጨዋ፣ በረሃ ላይ ወፈፌ።

የባላንስ ዶቃውን፣ ማለትም የጎማውን ክብደት ለማመጣጠን ውስጡ የሚፈስሱትን ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች፣ ያስገባሁት ከክረምቱ በፊት፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ብቻ ነው። ጎማዎቹ መጠናቸው 315/80 በ22.5፣ ቱቦ አልባ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ወደ 350 ግራም ገባ። የማውቃቸው የኮምቦልቻ ጎሚስታ ከረጢቱን ቀድጄ ሳሳያቸው «አንተ ልጅ፣ ጎማም ጨሌ ማሰር ጀመረ?» ብለው ሳቁብኝ። ሥራውን ግን በጥንቃቄ ነው የሠሩት።

ጎማው በፍጥነት ሲዞር ጥቃቅኖቹ የመስታወት ዶቃዎች በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ተበትነው ከባዱን ጎን በመተው በተቃራኒው ይሰበሰባሉ። በተለመደው አሠራር ለባላንስ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚመታው የእርሳስ ክብደት በተለካበት ዕለት ልክ ነው፤ ጎማው እየተበላ ሲሄድ ሒሳቡ ይለወጣል፣ በኮረኮንች ላይም እርሳሱ ራሱ ተፈንግሎ ይቀራል። ዶቃው በየጉዞው እንደ አዲስ ይደላደላል።

ከወራት በኋላ የምመሰክረው ይህን ነው፦ በሜዳው ላይ መሪው ረግቷል። ከመሪው በላይ ደስ ያለኝ ግን የጎማው አበላል ነው። የቀድሞዎቹ ጎማዎች ቦታ ቦታውን ተቦርቡረው ነበር የተጣሉት፤ የአሁኖቹን በእጄ ስዳብሳቸው ዙሪያቸው እኩል ነው። ምስጋናውን ሁሉ ለዶቃው መስጠት ግን አግባብ አይሆንም። ከማስገባቴ በፊት በቀኝ በኩል የላላውን ኩሽኔታ አስቀይሬ አላይመንት አሠርቻለሁ። የተጣመመ ቸርኬ፣ ክብነቱን ያጣ ጎማ ወይም ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት መሀለኛ ክፍል) ላይ መሀል ያልያዘ እግር በዶቃ አይድንም። ቸርኬውን የሚያስሩት ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል መጥበቅ አለባቸው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ። ከኮምቦልቻ ለተነሳ ሰው ባቲ ሻይ ሲጠጣ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ነፋስ መሙያው ላይ ነው። ተራ የቫልቭ እምብርት (ነፋሱን የሚይዘው የቫልቩ ውስጠኛ ክፍል) ውስጥ አንዲት ዶቃ ከተቀረቀረች ነፋስ ማሾለክ ይጀምራል፤ ስለዚህ ማጣሪያ ያለው እምብርት የግድ ነው። ግፊት ሲለካም ቫልቩ ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ጥቂት መጠበቅ ይጠቅማል። ከዚህ የሚብሰው ውኃ ነው። በክረምት የኮምፕሬሰር በርሜል ሳይፈስስ ሲቀር እርጥበቱ ከነፋሱ ጋር ገብቶ ዶቃውን ያጓጉለዋል፣ የተጓጎለ ዶቃ ደግሞ ራሱ ትርፍ ክብደት ይሆናል። አንድ ቦታ በርሜሉን አፍስሱልኝ ስል ባለቤቱ እንደ ሞኝ አየኝ፤ ነፋሱን ሳልሞላ ሄድኩ።

ለኋላ ጥንድ ጎማዎች አልገዛም። የእነሱ ንዝረት መሪ ላይ አይደርስም፤ ዶቃው ለሁሉም ቢገባ ወጪው ያለ ምክንያት ይበዛል። መኪናው ከደሴ ወደ መቅደላ ወይም ወደ ላሊበላ ተራራ ለተራራ ብቻ የሚመላለስ ሰውም ገንዘቡን ለፍሬን ሸራ ቢያውለው እመርጣለሁ።

ጎማ የተፈታ ዕለት ዶቃው በንጹሕ ዕቃ ተሰብስቦ ደረቅ ከሆነ ተመልሶ ይገባል። መንገድ ላይ የሚለጥፍ ሰው ግን ይህን አያውቅምና፣ ጎማው ጎን ላይ በነጭ ቀለም «ዶቃ አለው» ብዬ አጽፌበታለሁ።