ለዶስቦክስ-ኤክስ ሠሪዎች እጃችሁ ይባረክ፤ የድሮ ዳታቤዝ ላላችሁም ጥቆማ

በክሊፐር፣ በፎክስፕሮ ወይም በዲቤዝ (በድሮዎቹ የዳታቤዝ መሥሪያዎች) የተሠራ የሒሳብ፣ የንብረት ወይም የደመወዝ ፕሮግራም ዛሬም የምትጠቀሙ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ግን «አይሠራም» ብሎ የመለሳችሁ ካላችሁ፣ ፕሮግራሙን ከመጣላችሁ በፊት ዶስቦክስ-ኤክስን ሞክሩት። የድሮውን የዶስ ኮምፒውተር በአዲሱ ማሽን ውስጥ አስመስሎ ፕሮግራሞቹን የሚያስኬድ፣ በነጻ የሚወርድ፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ለሚሠሩትና ስህተቱን ለሚያርሙት ሰዎች ምስጋናችን ከልብ ነው።

ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድበት ኤንቲቪዲኤም የሚባል ክፍል ነበረው። ይህ ክፍል የተደገፈበት ቨርቹዋል 8086 የሚባለው የፕሮሰሰር ስልት በ64 ቢት አሠራር ውስጥ ስለሌለ፣ ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ ክፍሉን አልያዘም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከነጭራሹ በ32 ቢት አልወጣም። ስለዚህ «ኮምፓቲቢሊቲ» ውስጥ ገብቶ ዊንዶውስ 95 መምረጥ ድካም ብቻ ነው።

ማስነሳቱንማ ዋናው ዶስቦክስም ያስነሳዋል። እሱ ግን ለጌም ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፦ ሪከርድ (በዳታው ውስጥ ያለ አንድ መዝገብ) መቆለፍና ማተም። ዶስቦክስ-ኤክስን የምናመሰግነው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ከመቆለፉ እንጀምር። ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ ሲሠራ ፕሮግራሙ የሚነካውን ሪከርድ እንዲቆለፍለት ዶስን ይጠይቃል። ጥያቄውን የሚፈጽምለት ከሌለ፣ እንደ አጻጻፉ ወይ «ሪከርዱ ተይዟል» እያለ ሲጠብቅ ይውላል፣ ወይ ሳይቆልፍ ይቀጥልና ኋላ ያስቀመጠው የፊተኛውን ያጠፋዋል። በዶስቦክስ-ኤክስ የቅንብር ፋይል ውስጥ «ዶስ» በሚለው ክፍል ሥር «ፋይል አክሰስ ትራይስ» የሚል መስመር አለ። ሲጫን 0 ነው፤ ዳታው በኔትወርክ ላይ ከሆነ 3 አድርጉት። «ሼር» የሚለውንም እንዳታጠፉት።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ዳታው ያለበትን ፎልደር በማውንት ትእዛዝ እንደ ድራይቭ ስታያይዙ «ኖካሽዲር» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ዶስቦክስ-ኤክስ የፎልደሩን ዝርዝር ይዞ ስለሚቆይ፣ ሌላው ሰው አሁን የፈጠረውን ፋይል የእናንተው ማሽን ላያየው ይችላል። ዊንዶውስም የራሱ አመል አለው፦ ከሰርቨር ያገኘውን የፋይልና የፎልደር መረጃ ለ10 ሰከንድ፣ «ፋይሉ የለም» የሚለውን መልስ ደግሞ ለ5 ሰከንድ ያስታውሳል። ለዎርድ ሰነድ ምንም አይደለም፤ የእነዚህ ፕሮግራሞች ዳታ ለሚቀመጥበት ለዲቢኤፍ ፋይል ግን ጣጣ ነው። በፓወርሼል (በዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ) የኤስኤምቢ ክላይንት (ከሰርቨር ፋይል የሚያመጣው ክፍል) ቅንብር ውስጥ ዳይሬክተሪ ካሽ ላይፍታይም፣ ፋይል ኢንፎ ካሽ ላይፍታይምና ፋይል ኖት ፋውንድ ካሽ ላይፍታይም የሚባሉትን ሦስቱንም 0 አድርጉ። የሚስተካከለው በተጠቃሚዎቹ ማሽኖች ሁሉ ላይ ነው፤ ሰርቨሩን ብቻ ነካክቶ «አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

መስኮቱን በኤክስ ምልክቱ መዝጋትስ? ዲቢኤፍ ፋይል ስንት ሪከርድ እንዳለው ራስጌው ላይ፣ ከመጀመሪያዎቹ 4 ባይቶች ቀጥሎ ባሉት 4 ባይቶች ተጽፎ ይገኛል። ፕሮግራሙ በወጉ ሳይዘጋ ከተቋረጠ አዲሶቹ ሪከርዶች ገብተው ቁጥሩ የድሮው ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ዳታው ዲስኩ ላይ እያለ ፕሮግራሙ አያየውም። በዶስቦክስ-ኤክስ የቅንብር ፋይል ውስጥ «ክዊት ዋርኒንግ» የሚለውን «አውቶፋይል» ብትሉት፣ ክፍት ፋይል እያለ ለመዝጋት የሚሞክረውን ያስጠነቅቃል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ያሰበባት ሰው ግን ዳታቤዝ የሚያውቅ መሆን አለበት።

ወደ ማተሙ እንምጣ። የድሮው ፕሮግራም የሚያውቀው ኤልፒቲ1ን (የድሮውን የፕሪንተር መሰኪያ) ብቻ ሲሆን፣ የሚልከውም ብዙውን ጊዜ ለኤፕሰን ፕሪንተር የተጻፈ ኮድ ነው። አብዛኞቹ ርካሽ የዩኤስቢ ፕሪንተሮች ይህ አይገባቸውም። ዶስቦክስ-ኤክስ በመሃል ሆኖ የኤፕሰን ፕሪንተር ይመስላል፣ ገጹን ይሥልና ለዊንዶውስ ፕሪንተር ያስረክባል። «ፓራለል1»ን «ፕሪንተር» በሉት፤ «ፕሪንተር» በሚለው ክፍል ውስጥ ደግሞ «ፕሪንትአውትፑት»ን እንዲሁ «ፕሪንተር» በሉት። ወረቀቱ ሲጫን በሌተር መጠን ነው፤ መለኪያው የኢንች አንድ አሥረኛ ስለሆነ ለኤ4 ወርዱን 83፣ ቁመቱን 117 አድርጉ። የመጨረሻው ገጽ አልወጣ ካለ ፕሮግራሙ የገጽ ማስወጫ ምልክት አልላከም ማለት ነው። ለዚህ «ታይምአውት» አለ፤ የሚቆጠረው በሚሊ ሰከንድ ነው። ከ3000 ጀምሩና እንደ ሪፖርቱ አስተካክሉ፦ በጣም ካሳጠራችሁት፣ ፕሮግራሙ ድምር ለማስላት ቆም ባለ ቁጥር ገጹ ከመሃል ይቆረጣል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ «ሳይክልስ» (በአንድ ሚሊ ሰከንድ የሚሠራው የትእዛዝ ብዛት) በአውቶ ሲተው ለተራ የዶስ ፕሮግራም 3000 ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ትልቅ ፋይል ኢንዴክስ ሲደረግ (የመፈለጊያ ማውጫ ሲሠራለት) ያስለቅሳል። ወደ 30,000 አውጡት፣ ከዚያም ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ሲነሡ የማሽኑን ፍጥነት ይለካሉ፤ ማሽኑ ከፈጠነባቸው ስሌቱ ከተመደበለት ቦታ ይተርፍና «በዜሮ ማካፈል» ብለው ይወድቃሉ። ያኔ ቁጥሩን መቀነስ ነው። «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል ካለ ደግሞ፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ማንበብ አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ ማውንት ላይ «ፍሪሳይዝ» ብላችሁ በሜጋባይት 500 ስጡት።

«አውትፑት»ን «ቲቲኤፍ» ማለትም አለ፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ለሚያስገባ ሰው ዓይን እፎይታ ነው።

ይህን ሁሉ የምትሞክሩት በኮፒ ላይ ይሁን። ኮፒውን ከአሮጌው ማሽን ስታወጡ ዲቢኤፉን ብቻ ሳይሆን የሜሞ (የረጅም ጽሑፍ) ፋይሎቹንም፣ ማለትም ዲቢቲ ወይም ኤፍፒቲ የሚሉትን፣ አብራችሁ አምጡ። ኢንዴክሱን ከፕሮግራሙ ሜኑ እንደ አዲስ መሥራት ይቻላል፤ የጠፋ ሜሞ ግን ከምንም አይመለስም።