ከመሸጣቸው በፊት ደረጃ ያስወጡኝ ጋሼ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ቤታችሁ የስፌት መኪና ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። በአደባባይ ላመሰግናቸው የምፈልጋቸው አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ ጋሼ እያልኩ ነው የምጽፈው።

ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ኩዊልት መስፋት እየተማርኩ ነው። ለማታውቁት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በልኩ እየተቆረጠ ይገጣጠምና ፊት ይሆናል፤ መሃሉ ስስ የጥጥ ንጣፍ ይገባል፤ ከስር ገበር ይደረግለትና ሦስቱም አንድ ላይ ይሰፋሉ። እናቴ በስልክ ብነግራት "አሜሪካ ድረስ ሄደሽ ድሪቶ ትሰፊያለሽ?" ብላ በሳቅ ልትሞት። አልተሳሳተችም እኮ። አስተማሪያችን የአላባማ ሰው ናት። እዚያ ጂስ ቤንድ በሚባል የገጠር ሰፈር ጥቁር እናቶች ካረጀ የእርሻ ልብስ ይሰፉት የነበረው ኩዊልት ዛሬ በትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቤት በቴምብር አውጥቶታል። ይህን ስነግራት እናቴ ሳቋን አቆመችና "እንግዲያው የአባትሽን ካኪ ሱሪ ልላክልሽ?" አለችኝ።

ችግሬ መኪናው ነበር። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም፣ የስፌት መኪና ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ይዞ ይመጣል። እኔ የምሄደው በሁለት አውቶቡስ ነው። ቤቴ ያለው ያገለገለ የብረት መኪና ከጤፍ ከረጢት አይተናነስም። ሁለት ቅዳሜ ተሸክሜው ሄድኩ፤ በሦስተኛው ወገቤ እምቢ አለ። ከዚያ "ቀላል፣ ለጉዞ የሚመች" የተባለ የፕላስቲክ መኪና በኢንተርኔት አዘዝኩ። የማርኩን ስም አልጠራም። ቀላልስ ቀላል ነው፤ ስስ ጨርቅም ይሰፋል። ስፌት በስፌት ላይ ሲደራረብ ግን ክር እየዘለለ፣ ፔዳሉን ጠበቅ ሳደርግ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ መራመድ ጀመረ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ በአንድ እጇ የራሷን ሥራ፣ በሌላው የእኔን መኪና ይዛልኝ ነው የዋልነው። በሳምንቱ መለስኩት።

ጋሼን የጠቆመችኝ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያገኘኋት እኅት ናት። በወጣትነታቸው መርካቶ ውስጥ በእግር የሚረገጡ ሲንጀሮች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ በኋላ ቀን ቀን ፓርኪንግ ሠርተው ማታ ማታ የሰው የስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ጥገናው ብቻ ቀርቷል። ቤዝመንታቸው የማሽን ዘይት ይሸታል። በየቡና ጣሳው ብሎን በብሎን ነው፣ ግድግዳው ሙሉ መደርደሪያ።

እኔ የሄድኩት መደርደሪያው ላይ ያለች አንዲት ኮምፒውተር ያላትን መኪና ልገዛ ነበር፤ ጓደኛዬ ፎቶዋን ልካልኝ ልቤ ተሰቅሎ። ጋሼ ዋጋ አልነገሩኝም። ጥያቄ ጀመሩ።

"ክፍሉ በምን ነው የምትሄጂው?"

"በአውቶቡስ።"

"ደረጃ አለው?"

"ሁለተኛ ፎቅ ነው።"

"እዚያ ምን ዓይነት ስፌት ነው የምትሰፊው?"

"ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ።"

"ታዲያ ይቺ መቶ ዓይነት ስፌት የምትሰፋው ምን ልታደርግልሽ ነው? በይ ተያት።"

ጥግ ላይ ከነበሩት ሳጥኖች አንድ ጥቁር አነሱና እጄ ላይ አደረጉ። "እስከ በሩ ውጪና ተመለሺ" አሉኝ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ። "እንደገና።" ሦስት ጊዜ ያንን ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ፣ እሳቸው ከታች ቆመው ትከሻዬን ያያሉ። "አላዘነበልሽም። ትሆንሻለች" አሉና ያኔ ነው ሳጥኑን የከፈቱት።

ሲንጀር 221 ነበረች። ፈረንጆቹ ፌዘርዌይት ይሏታል፣ እንደ ላባ የቀለለች እንደማለት። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው በ1933 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ነው። አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ ክብደቷ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። የእኔዋን ከስሯ ካለው ቁጥር ፊደሎች አንብበው የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሥራ መሆኗን ነገሩኝ። ጥቁር፣ በወርቃማ ሐረግ የተጌጠች፣ ልክ አያቴ በረንዳ ላይ የነበረችው ሲንጀር ልጅ ወልዳ ልጇን የላከችልኝ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ እንደ ሻጭ ማወደስ ሲገባቸው ጉድለቷን ይዘረዝሩልኝ ጀመር። ዚግዛግ አትሰፋም። ቦቢኗ፣ ማለትም የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት ትንሹ መሽከርከሪያ፣ ለየት ያለ ዓይነት ነው፤ የአብዛኛው መኪና ቦቢን አይገባላትም። ክንዷ ሥር ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ የአልጋ ልክ ኩዊልት ጠቅልለሽ አታሳልፊባትም፤ ቁርጥራጩን መገጣጠሚያ ናት፣ ማጠናቀቂያውን በዚያ በከባዱ መኪናሽ ቤት ትሠሪዋለሽ አሉኝ። ይህን ሁሉ ሰምቼ ይበልጥ ፈለግኳት።

ያልጠበቅኩት የመጨረሻውን ነው። "ጨርቅ ይዘሻል?" አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቁርጥራጭ ነበረኝ። አንድ ኢንች ተኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ቅዳጆች አስቆረጡኝና ጎን ለጎን አሰፉኝ። ኩዊልት የሚሰፋው ከጠርዙ ሩብ ኢንች ገባ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ሦስቱ ተሰፍተው ሲዘረጉ የመሃለኛው ስፋት ልክ አንድ ኢንች መሆን አለበት። የእኔ አንሶ ተገኘ። "አየሽ፣ በአንድ ስፌት ከየጠርዙ አንድ ሚሊሜትር ብትበዪ ሁለት ሚሊሜትር ጠፋ። ስምንት ስፌት ላይ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል አለፈ። ከዚያ መምህሯን ጨርቁ ተኮማተረ ትሏታላችሁ" አሉ። ከመርፌዋ በስተቀኝ ትክክለኛውን ርቀት ለክተው ሰማያዊ ፕላስተር ለጠፉበት። እንደገና ሰፋሁ፤ ልክ አንድ ኢንች። ያ ፕላስተር እስከ ዛሬ አልተነሳም።

የፔዳሉ ገመድ ስለተሰነጣጠቀ በአዲስ ቀይረውታል፣ ሞተሩን አጽድተው አዲስ ግሪስ ሰጥተውታል። ሞተሩና ከስር ያሉት ጥርሳም መዘውሮች ግሪስ እንጂ ዘይት አይወዱም፤ ሌላው ቦታ አንዳንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ይበቃዋል። "የወጥ ዘይት ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ፔዳሉ ስለሚሞቅ ስትጨርሺ ከሶኬት ንቀይ አሉኝ። ለዚህ ሁሉ 350 ዶላር ከፈልኩ፣ አራት ቦቢን ተመርቆልኝ። ያቺ ኮምፒውተሯ ሁለት እጥፍ ነበረች፤ ዝም ብለው ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥፋት ያጠፋሁት ራሴው ነኝ። አንድ ማታ ስፌት ስጀምር ሁለቱን የክር ጫፎች ወደ ኋላ ይዤ መጀመር እንዳለብኝ ረሳሁና ክሩ ከስር ተጠቅልሎ ሲንጀሯ ቀጥ አለች። መዞሪያዋ ንቅንቅ አይልም። ሦስት ሰዓት ከምሽቱ ነው፣ አፍሬ ደወልኩ። "በጉልበት እንዳታዞሪያት! ቦቢኑ የሚሽከረከርበት ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጊ፣ ቡናሽን ጠጪ፣ ከዚያ መዞሪያውን ቀስ እያልሽ ወዲያና ወዲህ አወዛውዥ" አሉኝ። ቡና በዚያ ሰዓት ባልጠጣም ጠበቅኩ። ከትንሽ ቆይታ በኋላ የተቆረጠ የክር ቁራጭ ወጣና ተፈታች። ስነግራቸው "ገንዘብ የለውም፣ እንቅልፌን መልሺልኝ" ብለው ዘጉት።

ተቆጪ ናቸው፣ አልደብቃችሁም። ጎረቤቴ አንድ እንደዚህ ያለች ገዝታ አዲስ አበባ ላለች እኅቷ ልትልክ ብትጠይቃቸው አልሸጥም አሏት። የአሜሪካዋ በ110 ቮልት የምትሠራ ናት፣ አገር ቤት 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ብትሰካ ሞተሯ ይቃጠላል። ጎረቤቴ ተቀይማ ነበር፤ አሁን የእግር ሲንጀር አገር ቤት ልትገዛላት ነው።

ጋሼ የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሥራቸው አይፈጥንም፣ አንድ መኪና ሁለት ሳምንት ሊያቆዩ ይችላሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ከምትሰፉት ጨርቅ ቁራጭ ያዙ። ባዶ እጃችሁን ከሄዳችሁ "ጨርቁስ?" ብለው ከበር ይመልሷችኋል።